ቀዥቄ ቀስ ያለችበት ቀን

እኔ ካውያ ላይ ነኝ። ሸሚዙ መጨረሻ የሚያልፈው በእኔ እጅ ስለሆነ ማን እንደሰፋው ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ስፌቱ ቀጥ ብሎ፣ ተረጋግቶ ከመጣ የወር ሰዎች ናቸው። ጫፉ ላይ ክር ተንጠልጥሎ፣ ከኋላው ሰው የሚያባርረው መስሎ ከመጣ የቁጥር ሰዎች ናቸው። የወር ሰው በየወሩ ደመወዙን ይቀበላል፣ ሲታመም ይከፈለዋል፣ ሲያረጅ ጡረታ ይጠብቀዋል። የቁጥር ሰው በሰፋው ልክ ነው የሚያገኘው፤ ሥራ ሲኖር ይዝቃል፣ ሲጠፋ ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል። እኔ ደግሞ የቀን ሰው ነኝ፤ ጠዋት በር ላይ ቆሜ "አንቺ ግቢ፣ አንቺ ነገ ነይ" ከሚባሉት ነኝ። አንዱ ሸሚዝ በሦስታችንም እጅ ያልፋል። የሚለብሰው ሰውዬ ይህን ሁሉ ጣጣ አንገቱ ድረስ ቆልፎት እንደሚዞር አያውቅም፤ ባያውቅም አልፈርድበትም።

ቀዥቄ የቁጥር ሰው ነበረች። ስሙን ያወጣንላት እኛው ነን። መቀመጥ የማይሆንላት ቀዥቃዣ ናት፤ ምሳዋን ቆማ ትበላለች፣ ጫማዋን እየሄደች ታስራለች፣ አውቶቡሱ ተኛ ብላ መንገድ ላይ ወርዳ በእግሯ ትቀጥላለች። ከአውቶቡሱ ቀድማ ደርሳም ታውቃለች። ይህን ደግሞ ሳታወራልን የዋለችበት ቀን የለም።

የምትሰፋው ኮሌታ ነበር። የቁጥር ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ገብታችሁ ብታዩ ሰው የምትሉት የለም፤ የሚታየው ጎንበስ ያለ ማጅራት ብቻ ነው። ውሃ የሚጠጣ የለም፤ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ ስንት ኮሌታ እንደሚበላ ሁሉም ያውቃል። የሰፉትን እያሰሩ ወደ መረከቢያው መስኮት ይሮጣሉ፤ ያላስረከቡት እንዳልተሰፋ ይቆጠራል። እነሱ ዘንድ ተሰፍቶ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ኮሌታ ማለት ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ ደጅ እንደመተው ነው። ለቀዥቄ ይሄ ነገር ከደሟ ጋር የተዋሐደ ነበር።

ታላቅ እህቷ እዚያው ፋብሪካ፣ ግድግዳውን ተሻግሮ የወር ሰው ናቸው። እኛ ሁላችን እትዬ ነው የምንላቸው። የሁለቱ እናት አንድ፣ የያዙት የስፌት መኪና አንድ ዓይነት፤ ልዩነቱ እትዬ የተቀጠሩት ፋብሪካው በሩን ከፍቶ ሁሉንም በቋሚነት በሚቀበልበት ጊዜ መሆኑ ነው። ቀዥቄ ስትደርስ በሩ ተዘግቶ ነበር። አሥር ዓመት ዘግይታ በመወለዷ ነው ይሄ ሁሉ የደረሰባት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሚኖሩት ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ በሁለት ክፍል ቤት ነው። ትእዛዝ ሲበዛ ቀዥቄ ከእትዬ በላይ ታገኛለች። ያኔ አያድርስ ነው፤ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ሬዲዮ፣ ያገኘችውን ሁሉ ተሸክማ ትመጣለች። ትእዛዙ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሬዲዮው ይሸጣል። አንዱን ሬዲዮ ሦስት ጊዜ ሸጣ ሦስት ጊዜ መልሳ ገዝታዋለች፤ ባለ ሱቁ በመጨረሻው ላይ "ለምን እዚሁ አይቀመጥልሽም?" ብሏታል። እነዚያ ሥራ የሌለባቸው ሳምንታት ያሳብዷታል። ቤት አትቀመጥ፣ ሰፈር አትቀመጥ፤ ፋብሪካው በር ድረስ እየመጣች "መጣ?" ትላለች። ጨርቁን ማለቷ ነው። "አልመጣም" ስንላት ዞራ ትሄድና ከሰዓት ትመለሳለች። እትዬ ያኔ በዚያች እስከ ወሩ እኩሌታ ብቻ በምትደርሰው ደመወዛቸው ሁለቱንም ያኖራሉ፤ አንድም ቀን ቆጥረውባት አያውቁም። እሷን የሚያንገበግባት ይሄው አለመቁጠራቸው ነበር።

"አንቺ ወሩ ሲመጣ ይሰጡሻል፤ እኔ ወሩ ሲመጣ ይጨንቀኛል" ትላቸው ነበር።

"አንቺ መጀመሪያ ቁጭ በይና ብዪ" ይሏት ነበር እትዬ።

እትዬ ስድስት ዓመት ሙሉ አለቃን ለመኑ። አለቃ የወር ሰዎች ተቆጣጣሪ ነው፤ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን ማን ያየኛል። በየበዓሉ፣ በየሰበቡ "ያቺን እህቴን" ይሉታል። በመጨረሻ ከወር ሰዎች አንዷ ጡረታ ወጣችና ወንበሯ ተከፈተ። አለቃም ቀዥቄን ለሦስት ወር ሙከራ አስገባት። ሙከራውን ካለፈች ቋሚ ናት፤ ካላለፈች መውጣት ነው፣ ምክንያቱም የኮሌታ ቦታዋን በማግስቱ ሌላ ሰው ይዞታል።

የዚያን ቀን ቀዥቄ እኔን አቅፋ አነሳችኝ። ካውያውን በእጄ ይዣለሁ፤ ልትቃጠል እኮ ነበር።

"ከእንግዲህ ተኝቼ አድራለሁ!" አለችኝ። "ትእዛዝ መጣ አልመጣ፣ ምን አገባኝ!"

ከልቤ ደስ አለኝ። ትንሽ ቀናሁም፤ ይሄን ደግሞ ምን ደበቅኩት።

የወር ሰዎች አዳራሽ ሌላ ዓለም ነው። የእኔ የካውያ ጠረጴዛ ጥጉ ላይ ስለሆነ ሁሉን አያለሁ። የሚሰፉት የእጅጌ ጫፍ ነው። በቀን ይህን ያህል የሚል ኮታ አላቸው፤ ከዚያ ኮታ የሚያንስ የለም፣ የሚያልፍም የለም። መኪኖቹ በአንድ ልብ ይሄዳሉ። ሰው ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ልጁ ያወራል፣ መነጽሩን ይጠርጋል። ሰነፎች ናቸው እንዳትሉ። ሃያ ዓመት የሚሠራ ሰው ሃያ ዓመት የሚያደርሰውን እርምጃ ነው የሚራመደው።

ቀዥቄ ወንበሩ ላይ ገና ከመቀመጧ መኪናው መጮህ ጀመረ። ሰው ሁሉ ቀና አለ። ከሰዓት ላይ የሰው ኮታ ግማሹ ሲሆን የሷ አልቆ ነበር። አጠገቧ የምትቀመጠው፣ መነጽራም ብለን የምንጠራት ሴት፣ ጎንበስ ብላ "እህቴ፣ ማን ያሳድድሻል? ቀስ በይ" አለቻት። ቀዥቄ ቅናት መሰላት። "ሙከራ ላይ ነኝ" አለችና ቀጠለች። በሚቀጥለውም ቀን፣ በሚቀጥለውም። እትዬ ከሦስት ወንበር ወዲያ ሆነው አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ፤ ትንፍሽ አይሉም። ቤት ሲገቡም ምንም አላሏትም ነበር። ምን ይበሏት? ስድስት ዓመት ለምነው ያስገቧትን፣ "አትልፊ" ይበሏት?

ከዚያ ያ ነገር መጣ።

አንድ ቀን ጠዋት ቀዥቄ እንደ ልማዷ ከሁሉ ቀድማ ገባች። የክር ጥቅሏ ከእጇ አመለጠና ከረጅሙ ጠረጴዛ ሥር ተንከባለለ። እሱን ልታወጣ ስትንበረከክ አንድ ከረጢት አገኘች። ከፈተችው። የእጅጌ ጫፍ ሞልቶበታል፤ የተሰፋ፣ የተገለበጠ፣ ያለቀለት። ያን ጊዜ ቀዥቄ ምን እንዳሰበች እኔ አውቃለሁ፤ የቁጥር ሰው ሌላ ምን ያስባል? የሰው ላብ ተረስቶ እየሻገተ ነው ብላ ልቧ ስንጥቅ አለ። ከረጢቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ አለቃ ቢሮ ሮጠች።

"አለቃ! ይሄ ሳይረከብ ቀርቷል። የኔ አይደለም፣ የሁላችን ነው፤ ለሁላችን ይያዝልን" አለችው።

ደስ ብሏታል እኮ! ውለታ የዋለች መስሏታል። ሰዎቹ እየገቡ ካፖርታቸውን ሲያወልቁ አለቃ ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ቆሞ ነበር። እትዬ ግድግዳውን ያዙ።

የዚያን ቀን ሥራ ሲያልቅ ማንም አላናገራትም። ፊት ነሷት። "ደህና እደሩ" ስትል መልስ የሰጣት የለም። መንገድ ላይ እኔን ያዘችኝ።

"ምን አደረግኳቸው? የሰፉትን ነው ያስረከብኩላቸው! ሰው ለገንዘቡ እንዲህ ይሆናል?"

ዝም ልል ነበር። ግን እንደዚያ ስትንቆራጠጥ ማየት አልቻልኩም፤ ፊት ፊቴ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትሄዳለች።

"ቁሚና ስሚኝ" አልኳት። "ያ ከረጢት ጓዳ ነው የሚባለው። ኮታቸውን ከጨረሱ በኋላ አንድ ሁለት ሰፍተው እዚያ ይጥላሉ። አንድ ሰው አሞት ኮታው ሲጎድል ከዚያ ይሞላለታል።"

"ታዲያ ማን ታሞ ነው ይሄ ሁሉ የተጠራቀመው?"

"ካውያ ላይ እኮ ነኝ" አልኳት። "የእህትሽ ተብሎ ከሚመጣው እጅጌ ግማሹ የእህትሽ ስፌት አይደለም። ከዓመት በላይ ሆኖታል።"

ቀዥቄ ውሃ ሆነች። ከዚያ ሮጠች። እኔም ምን ታደርግ ይሆን ብዬ ተከተልኳት።

እትዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ቀዥቄ በሩን እንኳ ሳትዘጋ "እጅሽን አሳዪኝ" አለቻቸው።

"ምን ሆነሻል፣ ጫማሽን አውልቂ።"

"እትዬ፣ እጅሽን!"

እትዬ ሰጧት። የሁለቱም እጃቸው አውራ ጣት መጋጠሚያ አብጦ ጠንክሯል፤ ልታጥፈው ስትሞክር እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ቤት እያደሩ አላየችም። መቼ ተቀምጣ ታይ?

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ተኝተሽ ታድሪያለሽ?" አሉ እትዬ። "ጡረታዬ ዓመት ከመንፈቅ ነው የቀረው። ከዚያ በፊት ኮታ አልሞላም ካልኩ ወደ ቀን ሥራ ነው የሚያወርዱኝ፤ ጡረታው ቀረ ማለት ነው። የአዳራሹ ልጆች እንዳልወድቅ ያዙኝ። አንቺንም ላስገባ ስል እሺ ያሉኝ እነሱ ናቸው፤ ወንበሩን ለዘመዶቻቸው ይፈልጉት አልነበረም መሰለሽ?"

ቀዥቄ እንደ ልጅ አለቀሰች። እኔ ክፍት የቀረውን በር ገጠም አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጉዱ ግን በዚያ አላበቃም። አለቃ ከረጢቱን አይቶ ዝም ይላል? "እነዚህ ሰዎች ከኮታው በግማሽ የሚበልጥ መስፋት ይችላሉ፣ እንዲያውም አንዲት ሴት አለችኝ፣ መብረቅ ናት" ብሎ ለዋናው መሥሪያ ቤት ነገረ። እነሱም ለኪ ላኩ። ለኪው ሰዓት ይዞ የአንድ ሰው አሰፋፍ ቀኑን ሙሉ ይመለከታል፤ ያ ሰው የሰፋው ልክ የሁሉም አዲስ ኮታ ይሆናል። የምትለካውም ያው፣ ቀዥቄ እንደምትሆን ሁላችን አወቅን።

ሰው ሁሉ አስቦ ጨርሷል። ቀዥቄ እንደ ልማዷ ከሰፋች ኮታው ይንራል፤ ጓዳ የሚባል ነገር አይኖርም፣ እትዬ ይወድቃሉ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ደግሞ መነጽራም፣ ከዚያ ሌላዋ። ቀስ ካለች አለቃ ያውቅባታል፤ ሙከራዋ በእሱ እጅ ነው። ማንም ምንም አላላትም። ምን መብት አለን ብለው ይለምኗት? እትዬ ብቻ በዋዜማው "እንደምትችዪው ስፊ፤ በእኔ ምክንያት አትታሰሪ፣ ሰማሽ?" አሏት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ቀዥቄ ናት።

ለኪው መጣ፤ ቀጭን፣ ትሑት ሰውዬ ነው፣ ሰዓቱን ከማየቱ በፊት እንኳ ደህና አደራችሁ ብሎ ዞሯል። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። አለቃ ከኋላው እጁን አጣምሮ ፈገግ ብሎ ቆመ።

ቀዥቄ መርገጫውን ረገጠች።

እኔ በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ሲለፋ አይቼ አላውቅም። ኮሌታ ስታሯሩጥ እንኳ ያላላባት ሴት ግንባሯ ወረዛ። መኪናው ሊሮጥ ሲል እግሯን ታነሳለች። አንዱን እጅጌ ሰፍታ ገልብጣ ታየዋለች፣ ትዳብሰዋለች፣ ከዚያ ሌላውን ታነሳለች። ጣቶቿ ራሳቸው ወደሚቀጥለው ሲዘረጉ አየሁ፤ ጭኗ ላይ አሳርፋ ያዘቻቸው። የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳው ነበር። ሌሎቹ ማሽኖች በእኩል ልብ ይሄዳሉ፤ ማንም ቀና አላለም፣ ግን ሁሉም በጆሮው እሷን ነው የሚሰማው። እኔ አንድ ሸሚዝ ላይ ካውያ አስቀምጬ ረስቼ አቃጠልኩት፤ ከቀን ክፍያዬ ተቆርጧል፣ ይቆረጥ።

ከምሳ በኋላ የአለቃ ፈገግታ ጠፋ። መጣና ጆሮዋ ሥር "ምን እየሠራሽ ነው?" አላት።

"እየሰፋሁ ነው" አለችው።

"እኔ አንቺን አላውቅሽም?"

"የወር ሰው ነኝ አሁን" አለችው፤ ከጨርቁ ዓይኗን ሳታነሳ።

መሸ። ለኪው ቆጠረ። ከዱሮው ኮታ ላይ አንድም አልተጨመረም፤ እንዲያውም ሁለት ጎድሎ ነበር። ወደ አለቃ ዞሮ፣ በቅንነት፣ "መብረቅ ያሉኝ ይህቺን ነው?" አለው። ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አምልጧት በሳል ሸፈነችው። አለቃ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ኮታው ባለበት ቀረ። ለኪው ሻንጣውን ይዞ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። መነጽራም በማግስቱ ለቀዥቄ ሻይ ቀዳችላት፤ ስኳሩን ራሷ አማሰለችላት። ጓዳውም ቀስ በቀስ መሙላት ጀመረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዥቄም የሰፋችውን ደብቃ ጣለችበት። እጇን ወደ ጠረጴዛው ሥር ስታስገባ ሌባ ትመስል ነበር።

አለቃ ግን ውርደቱን አልረሳም። ሙከራው ሲያልቅ ቢሮው ጠራት። ስትወጣ ቀጥ ብላ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣች።

"ለቋሚነት አትበቂም አለኝ።"

"ምን አደረግሽ ብሎ?"

"ቀርፋፋ ነሽ አለኝ!" ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ቀርፋፋ! እኔን! ትሰሚያለሽ?"

እኔ አልሳቅኩም። ደሜ ፈልቶ ነበር። ያንን ካውያ ወስጄ የአለቃ ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ አምሮኝ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የቀን ሰው ነኝ።

እትዬ ወሬው ደርሷቸው ከበሩ ውጪ ቆመው ጠበቋት። ሦስታችን እስከ መንገዱ እኩሌታ አብረን ሄድን። ከዚያ እትዬ ቆሙ።

"ስድስት ዓመት የለመንኩት ወንበር ነው" አሉ። "ስድስት ዓመት! በእኔ ምክንያት አትታሰሪ አላልኩሽም?"

"ምን አለበት" አለች ቀዥቄ፣ ወዲያ ወዲህ እያለች። "ዓመት ከመንፈቅ ነው የቀረሽ አይደል? ቀን ሥራም፣ የትም የትም ብዬ እቆያለሁ። አንቺ ስትወጪ የአንቺን ወንበር እረከባለሁ።"

"እኔ ስወጣ ወንበሩ አይኖርም" አሉ እትዬ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። "የወር ሰው ሲወጣ ከእንግዲህ በቁጥር ሰው ነው የሚተካው። አለቃ ነግሮናል። በወር የሚቀጠር ሰው አንቺ የመጨረሻዋ ነበርሽ።"

ቀዥቄ መንቆራጠጧን ተወች።

"አውቃለሁ" አለች። "የገባሁ ቀን ነው የነገረኝ።"

"ያን ጊዜ፣ ሲለኩሽ... እያወቅሽ?"

"እያወቅኩ።"

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መኪኖች እያለፉ ነው፤ ሰው እየገፋን ያልፋል። ቀዥቄ እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች፣ ሰማዩን አየች።

"ነይ እንጂ እትዬ፣ እዚህ ተተክለን ልናድር ነው?" አለች በመጨረሻ።

እትዬ ግን ወዲያው መራመድ አልቻሉም። ቀዥቄም ከጎናቸው ቆማ ጠበቀቻቸው።